የአምባራሱ ትያትር

ስጦታ ያርጋል ወደ ደባርቅ የመጣችው ማንም ያልፈለገውን ቦታ ራሷ ጠይቃ ነው። የሰሜን አውራጃ የኪነት ቡድን አሠልጣኝ ያስፈልገዋል ከተባለ ቆይቷል፤ ከአዲስ አበባ የሚመደበው ሰው ሁሉ ግን የብርዱን ወሬ ሲሰማ፣ መንገዱ ላይም አልፎ አልፎ ተኩስ እንዳለ ሲነገረው፣ ድንገት የሚያስታምመው ዘመድ ያገኝ ነበር። እሷ በ1973 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከጎንደር እህል ሊጭን በወጣ መኪና ጋቢና ተቀምጣ መጣችና አውራጃው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ወረደች። አንድ ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ይዛለች። አንገቷን በወፍራም ሻርፕ ጠቅልላዋለች።

እኔ አለነ ውዱ እባላለሁ። ያኔ የደባርቅ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በኪነት ቡድኑ ውስጥ እሳተፋለሁ። ስሟን ስሰማ ማመን አቃተኝ። አዲስ አበባ አጎቴ ቤት በከረምኩበት ዓመት በቴሌቪዥን አይቻታለሁ። ልጇ የሞተባት እናት ሆና ስታነባ፣ የአጎቴ ሚስት ወደ ሳጥኑ ዞራ «አይዞሽ እቴ» ስትላት ትዝ ይለኛል። ስጦታ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ነበረች፤ ድምፅዋ ግን ትልቅ ስለነበረ ሁልጊዜ የሚሰጧት የእናት ቦታ ነው። በዕድሜ የሚበልጧትን ተዋንያን «ልጄ» እያለች ስትጠራቸው ማንም አይስቅም።

የተወለደችው እዚሁ አጠገባችን፣ ዳባት ከተማ ነው። እናቷ ወይዘሮ በለጠች ጠላ እየሸጡ አሳደጓት። ጎንደር ተማረች፤ የጽሕፈት ሥራ ልትቀጠር አዲስ አበባ ሄደች፤ አንድ እሑድ ጓደኛዋ ትያትር ቤት ይዛት ገባች። ከዚያ በኋላ ወደ ጽሕፈት መኪናው አልተመለሰችም።

ድምፅዋን ያጣችው መድረክ ላይ ነው። በኋላ ራሷ እንደነገረችን፣ አዳራሹ ጢም ብሎ፣ የሙሾው ክፍል ላይ ስትደርስ፣ ጉሮሮዋ ውስጥ አሮጌ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ነገር ሰማች። ከዚያ አፏ ይንቀሳቀሳል እንጂ ምንም አይወጣም። ሐኪሙ ከድምፅ አውታሯ ላይ እባጭ አወጣላት። ድምፅዋ ተመለሰ፤ ግን ሻካራና ዝግ ያለ፣ ከጎኗ ከተቀመጠው ሰው የማያልፍ ሆነ። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው ድራማ ከትያትር ቤት የሚወሰድ ስለነበር፣ መድረኩን ስታጣ ሁለቱንም አጣች።

ትያትር ቤቱ የአልባሳት መጋዘን እንድትጠብቅ መደባት። እሷ ትያትር ላዘጋጅ ብላ ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ አልሳቀባትም፤ በሐዘኔታ ነበር የመለሰላት። አዘጋጅ ሰው የሚያዘው በጉሮሮው ነው፤ አንቺ ከአዳራሹ ጫፍ ሆነሽ ማንን ትጠሪያለሽ አላት። ደባርቅ የሚሄድ ሰው እንደጠፋ ሰምታ ነበርና በማግስቱ ስሟን አስመዘገበች።

የምንለማመደው ቀድሞ እህል በሚከማችበት አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነው። እኛ የምናውቀው ትያትር ቀላል ነበር። አንዱ ሆዱ ላይ ትራስ አስሮ ባላባት ይሆናል፤ ሌሎቻችን ገበሬ ሆነን እናስረዋለን፤ መፈክር እናሰማለን፤ ያልቃል። ይህንኑ አሳየናት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አየችን። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች፤ ማናችንም አልሰማንም። ደገመችው፤ አሁንም አልሰማንም። ግራ ገብቶን ከመድረኩ ወርደን ከበብናት።

«እንዲህ ነው የምንሠራው» አለች። «የኔ ድምፅ እናንተ ዘንድ አይመጣም። እናንተ ትመጣላችሁ።»

ያ ነገር ለቡድናችን ሕግ ሆነ። ስታርመን ትነሳና አጠገባችን ትመጣለች፤ ወይም እኛ እንሄዳለን። ጩኸት የለመደው አዳራሽ ጸጥ አለ።

ትያትሩን ከእኛ ጋር እያወራች ጻፈችው። በእናቷ ጠላ ቤት በልጅነቷ ስትሰማ ያደገችው የደም ወሬ ነበር፤ እገሌ የእገሌን ወንድም ገደለ፣ የእገሌ ልጅ ደም ሊመልስ ዱር ገባ ሲባል። ሁላችንም ከዘመዶቻችን መካከል እንዲህ የሞተ ወይም የገደለ ሰው ነበረን። ትያትሩን «የወንድምህ ጠመንጃ» አለችው። የአንዲት እናት ታላቅ ልጅ በወሰን ጠብ ይገደላል። ታናሹ የሟቹን ጠመንጃ ስጪኝና ደሙን ልመልስ ይላታል። ደጅ ላይ ሽማግሎች ለዕርቅ መጥተው ተቀምጠዋል። እናትየዋ ጠመንጃውን ጉልበቷ ላይ አጋድማ በልጇና በበሩ መካከል ትቀመጣለች። በመጨረሻ ተነስታ በሩን ትከፍታለች፤ ሽማግሎቹንም «ግቡ፣ ውጭው ይበርዳል» ትላቸዋለች። የሚያበቃው እዚያ ላይ ነው። ልጁን የምጫወተው እኔ ነበርኩ።

የአውራጃው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ ዋሴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራቸው ሰዎች ግን ጎንደር ነበሩ። ጽሑፉን አገላብጦ መፈክሩ የታለ አለ። እናትየዋ በመጨረሻ እጇን አንስታ የፊውዳል ባህል ይውደም ብትል ምን ይጎዳል? ስጦታ ልጇ የሞተባት ሴት እጇን አታነሳም አለችው። መፈክሩንም አልቀበልም አላለችም፤ ትያትሩ ከመጀመሩ በፊት እርስዎ ራስዎ ወጥተው ያሰሙ፣ ሕዝቡም ይመልስልዎት፣ ከዚያ ወርደው ይቀመጡ አለችው። ዋሴ መድረክ ላይ መውጣት ይወድ ነበርና ተስማማ።

የቸገረን እናትየዋን የሚጫወት ሰው ነው። ቡድኑ ውስጥ ያሉት ልጃገረዶች በጋራ ይዘፍናሉ እንጂ፣ ብቻቸውን ከወንድ ፊት ቆመው ለመናገር አዝማሪ እንባላለን ብለው ይፈራሉ። ስጦታ ከተማውን ስትዞር ሰነበተች። አንድ ቀን በመሠረተ ትምህርት ጣቢያው በር ስታልፍ፣ አንዲት ወጣት ሴት ሽማግሎችን ፊደል ስታስቆጥር ሰማች። ልጅቱ አትጮኽም፤ ድምፅዋ ግን እስከ መጨረሻው መደዳ ይደርሳል። የጨርቅ ነጋዴው የሸሀቡ ልጅ ዙሀራ ነበረች። ስጦታ ጠየቀቻት፤ ዙሀራ ዓይኗ በራ፤ ግን አባቴን ጠይቂ አለች።

ሸሀቡ በከተማው የተከበረ ሰው ነው። ስጦታ ስትነግረው ጨርቅ የሚለካበትን እንጨት አስቀምጦ ብዙ አሰበ።

«እኛ እዚህ የምንኖረው በስማችን ነው፣ እህቴ» አላት። «ልጄ አደባባይ ወጥታ የክርስቲያን እናት ሆና ብታለቅስ፣ የኔ ወገን ይታዘበኛል፤ ያንቺም ወገን ይስቅብኛል።»

«አታለቅስም፣ ጋሽ ሸሀቡ። እንድታለቅስ አልፈልግም» አለችው። «ልምምዱን መጥተው ይዩ። ያልወደዱት ቀን እጇን ይዘው ይሂዱ፤ አልከተልዎትም።»

መጣ። ከኋላ የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ከዘራውን በጉልበቱ መካከል አድርጎ፣ ፊቱን ሳይፈታ ማየት ጀመረ። ሱቁን ዘግቶ በየቀኑ ይመጣል። ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ፣ ዙሀራ ተቀምጣ ስትናገር ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። ሐዘንተኛ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፣ ወገቡ ይሰበራል አለ። ስጦታ ዞር ብላ አየችው፤ ከዚያ ዙሀራን አባትሽ እንዳለው አድርጊ አለቻት። ከዚያ ቀን በኋላ ሸሀቡ ከኛው አንዱ ሆነ።

ከሁሉ ያስቸገረን ዝምታው ነበር። እኔ «ስጪኝ» እላለሁ፤ ዙሀራ ወዲያው «አልሰጥህም» ትለኛለች። ስጦታ ታስቆማለች፤ እንደገና እንጀምራለን፤ ዙሀራ ደግሞ ትቸኩላለች። ሰው እያየኝ ዝም ስል እረሳሁ ብለው የሚያስቡ ይመስለኛል አለች። ስጦታ አጠገቧ ተንበርክካ፣ እኔም እንድሰማ አድርጋ፣ «መልሱን ታውቂዋለሽ፤ ለመናገር ግን ገና አልጨከንሽም። እስክትጨክኚ ድረስ አትናገሪ» አለቻት። ዙሀራ ይህን የተማረችው በብዙ ድካም ነው። ስትችለው ግን፣ ፊት ለፊቷ የተንበረከክሁት እኔ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

ደባርቅ ላይ ያሳየነው በጥር፣ በገበያ ቀን ነው። ዋሴ ወጥቶ መፈክሩን አሰማ፤ ሕዝቡ መለሰለት፤ ወርዶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ከሕዝቡ የሚሰማው የሳል ድምፅ ብቻ ነበር። ዙሀራ «ግቡ፣ ውጭው ይበርዳል» ስትል፣ ከገበያ የገባው ገበሬ ትያትሩ እንዳለቀ አልገባውም፤ ቁጭ ብሎ ቀረ። ጭብጨባው የመጣው ቆይቶ ነው።

ሰዉ ከወጣ በኋላ አንድ ሽማግሌ ቀሩ። ቢራራ ይባላሉ፤ ተራራው ላይ ካለው መንደር ከአምባራስ ናቸው። ስጦታን ፈልገው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ በዝግታ ነገሯት። የወንድማቸው ልጅ በግጦሽ ጠብ ሰው ገድሎ ሸሽቷል። የሟቹ እናት ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ሽማግሌ አላስገባም ብለዋል። ታቦት ወጥቶ ተለመኑ፤ ቄሱ ሄደው ለመኑ፤ አልሆነም። አንድ ልጅ ቀርቷቸዋል፤ እሱም ጠመንጃ መወልወል ጀምሯል።

«ልጄ ሆይ፣ ይኼን ነገር እኛ ዘንድ አምጪልን» አሉ። «እኔ ልነግራት አልችልም፤ ደመኛዋ ነኝ። እናንተ ግን እንግዳ ናችሁ።»

ስጦታ ሳታመነታ እንመጣለን አለቻቸው። ዋሴ ሲሰማ ተቆጣ። ከሳንቃ በር ወዲያ ያለው ተራራማ አገር ገና አልረጋም፤ አንድ ነገር ብትሆኑ የሚጠየቀው እኔ ነኝ አለ። ሲያያት የማትመለስ ሆነችበትና በመጨረሻ የታጠቁ ሚሊሻዎች አብረዋችሁ ይሂዱ ብሎ ለመደራደር ሞከረ። እሷ ግን ጠመንጃ አስከትለን ስለ ጠመንጃ አንጫወትም አለች። ዋሴ ራሱን እየነቀነቀ፣ እንግዲያው እኔ አልሰማሁም አለ። ፈቃዱ ያ ነበር።

ሸሀቡ በቅሎውን ጭኖ አብሮን ወጣ፤ ልጄን ብቻዋን አልልክም አለ። ስጦታን ዳገቱ ላይ ሳል አላስኬድ ሲላት በግድ በቅሎው ላይ አወጣት። የአስታ ዛፉን ጫካ አልፈን፣ የደጋው ተክል ጅብራ የበቀለበት ሜዳ ላይ ወጥተን፣ ነፋሱ ፊታችንን እየገረፈን አምባራስ ደረስን።

ስጦታ መጀመሪያ የጠየቀችው ነገር ከሁለቱም ወገን ማንም ሰው ጠመንጃ ይዞ እንዳይቀመጥ ነው። ቄሱ ተቀብለው ደጀ ሰላሙ ውስጥ አስቀመጡት። የተጫወትነው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ባለ ሜዳ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። የቢራራ ወገን በታች በኩል ተቀመጠ፤ የሟቹ ወገን በአጥሩ በኩል። በመካከላቸው ባዶ መሬት አለ፤ ማንም አይረግጠውም። እኛ የምንጫወተው እዚያ ላይ ነው። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ማቅ የመሰለ ጥቁር ኩታ ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ልጃቸው ከኋላቸው ቆሟል።

ጀመርን። እስከ ጠመንጃው ክፍል ድረስ ደህና ሄደ። የእንጨቱ ጠመንጃ ዙሀራ ጉልበት ላይ ተጋድሟል። ተንበርክኬ «ስጪኝ» አልኳት። ዙሀራ ዝም አለች። ነፋሱ ብቻ ይሰማል።

«ስጪው።»

የተናገሩት ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ናቸው። አልጮኹም። ተነስተው ቆመዋል፤ የሚያዩት ዙሀራን ነው።

«ስጪው፣ ልጄ። ምን ያስቀምጥሻል?» አሉ።

ይህ በትያትሩ ውስጥ የለም። ከሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ወደተቀመጠችው ስጦታ አየሁ። ብትጮኽም ድምፅዋ አይደርስም። አልተነሳችም፤ እጇንም አላነሳችም፤ ዙሀራን ብቻ ትመለከታለች። ዙሀራ ጠመንጃውን አልለቀቀችም። ቀስ ብላ ወደ ወይዘሮዋ ዞረች።

«ሰጥቼውስ፣ እኔን ማን ይቀብረኛል?» አለቻቸው።

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ኩታቸውን ሰብስበው ሄዱ። ልጃቸው ተከተላቸው፤ ከዚያ በአጥሩ በኩል የነበረው ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ተነስቶ ሄደ። የሜዳው ግማሽ ባዶ ሆነ። እኔ ቀጥሎ የምለው ጠፋኝ። ስጦታ መጣችና ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች።

«ቀጥል። የቀሩት እያዩን ነው።»

ለቀሩት ጨረስንላቸው። ማንም አላጨበጨበም።

ያደርነው ቢራራ ቤት ነው። ሽማግሌው አዝነዋል፤ የባሰውን አመጣሁ መሰለኝ ይላሉ። ሸሀቡ ሳይነጋ እንውጣ አለ። ስጦታ እምቢ አለች። ተደብቀን ከሄድን ሰድበናቸው እንደሸሸን ይቆጠራል፤ ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው እያየን፣ ደህና ዋሉ ብለን ነው የምንሄደው አለች። እንደፈራች ከፊቷ አውቄባታለሁ፤ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ነበር የምትናገረው።

ጠዋት በቅሎውን ስንጭን ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ መጡ። ልጃቸው ከኋላቸው ነው፤ ጠመንጃውን ከደጀ ሰላም አውጥቶ ይዟል። የደመኛ ግቢ አይገባምና ከአጥሩ ውጭ መንገዱ ላይ ቆሙ። ቢራራ ወደ ቤታቸው ገብተው ተሸሸጉ። እኛ ወጣን። ወይዘሮዋ ዙሀራን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ልጅ አለሽ?»

«የለኝም፣ እማማ።»

«ትናንት መጨረሻውን አላየሁም። ምን አደረገች?» አሉ።

እኔ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ስጦታ ክንዴን ያዘችኝ። ወደ ወይዘሮዋ ተጠግታ፣ በዚያች በሻከረች ድምፅዋ፣ «አንነግርዎትም፤ እናሳይዎታለን» አለቻቸው።

መንገዱ ላይ፣ ውርጩ ገና ሳይቀልጥ፣ ለአንዲት ሴት ተጫወትን። ዙሀራ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ የእንጨቱን ጠመንጃ ከጭነቱ መካከል አውጥተን ሰጠናት። እኔ ተንበርክኬ «ስጪኝ» ስል፣ ከእናቱ ኋላ እውነተኛ ጠመንጃ የያዘው ልጅ እያየኝ ነው። የሱ ዕድሜና የኔ ዕድሜ እኩል ነው። ቃሉን ከአፌ ማውጣት ያን ቀን የከበደኝን ያህል ከብዶኝ አያውቅም። ዙሀራ ዝም አለች፤ ወይዘሮዋም በዚህ ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ዙሀራ ተነሳች፤ በር የሌለበት ቦታ ላይ በር ከፈተች፤ «ግቡ፣ ውጭው ይበርዳል» አለች።

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ወደ ስጦታ ዞሩ።

«በሩን የከፈተችው ደክሟት ነው?»

ስጦታ «አዎ፣ እማማ። ደክሟታል» አለች።

«እኔም ደክሞኛል» አሉና በመጡበት መንገድ ተመለሱ። ልጁ የእንጨቱን ጠመንጃ አየ፣ እኔን አየ፣ ተከተላቸው።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሎቹን እንዳስገቡ ቢራራ ገበያ መጥተው ነገሩን። ዕርቁ ቀላል አልነበረም፤ በካሳው ላይ ተጨቃጭቀው አንዴ ሊፈርስ ደርሶ ነበር አሉ። ትያትሩ አስታረቃቸው ብዬ አልምልም፤ ብዙ ሰው ደክሞበታል። ልጁ ግን ዱር አልገባም።

በቀጣዩ ዓመት ከየክፍለ ሀገሩ የተመረጡ የኪነት ቡድኖች አዲስ አበባ ሲጠሩ፣ ዋሴ ራሱ እኛን ጎንደር ድረስ ሄዶ አስመረጠን። የአምባራስን ጉዞ አልሰማሁም ያለው ሰው፣ እኔ ነኝ የላክኋቸው እያለ ያወራ ነበር። እዚያም ትያትራችን ተወደደና በቴሌቪዥን ይቀረጽ ተባለ።

የሚቀርጸው ፕሮዲዩሰር ማዕረግ የሚባል ሰው ነው፤ ስጦታን ከድሮ ያውቃታል። ስቱዲዮው ውስጥ መብራት እየተተከለ ሳለ ወደ ጎን ወስዶ አነጋገራት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ልጅቱ ጎበዝ ናት፣ ግን ተመልካች አያውቃትም፤ እናትየዋን አንቺ ተጫወቺ አላት። ድምፅዋ እንደማያስቸግርም ነገራት፤ አሁን ትንሽ ማይክሮፎን መጥቷል፣ ልብስ ሥር ተደብቆ ትንፋሽ እንኳ ይይዛል። አገር ሙሉ ይጠብቅሻል አላት።

ስጦታ ወደ ግቢው ወጣች። ተከተልኳት። ግንቡን ተደግፋ ብዙ ቆየች። የምትወደውን ሥራ ካጣች ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም። ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ ገባች።

«አምባራስ ላይ ለእኒያ እናት የመለሰችላቸው ዙሀራ ናት» አለችው። «እኔ ብሆን አልቅሼ ነበር የምመልስላቸው፤ እሳቸውም እንባዬን አይተው ወደ ቤታቸው ሄደው ይቀሩ ነበር። ይህን ቦታ የምትጫወተው እሷ ናት። እኔ አዘጋጅ ነኝ።»

ማዕረግ ተከራከራት፤ አልተንቀሳቀሰችም። እንዲያውም ሌላ ነገር ጨመረች፤ ከካሜራዎቹ የሚመጣውን ምስል አይተው ትእዛዝ የሚሰጡበት ክፍል ውስጥ ልግባ አለች። ይህ አይፈቀድም ቢላትም በመጨረሻ ጎኑ እንድትቀመጥ፣ የምትፈልገውን ለሱ እንድታንሾካሹክና እሱ ለካሜራ ሠራተኞቹ እንዲያስተላልፍ ተስማሙ።

እዚያ ክፍል ውስጥ የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ካሜራው ፊት ተንበርክኬ ነበር። በኋላ ማዕረግ ራሱ ነገረን። ስጦታ «ቆይ፣ ወደ እጇ ሂድ» ስትለው፣ እሱ እስኪደግመው ድረስ የዙሀራ እጅ ተንቀሳቅሶ ያልፋል። ሁለት ጊዜ እንዲህ አመለጣቸው። በሦስተኛው ማዳመጫውን ከነማይክሮፎኑ ከራሱ ላይ አውልቆ ራሷ ላይ አጠለቀላት። ከዚያ ወዲያ ለካሜራ ሠራተኞቹ ጆሯቸው ውስጥ በሹክሹክታ የምታዛቸው እሷ ነበረች። የዙሀራን ዝምታ ሳታቋርጥ ፊቷ ላይ አቆየችው። ማዕረግ ሊቆርጠው ፈልጎ ነበር፤ ያን ያህል ዝምታ ሲተላለፍ ሰዉ ቴሌቪዥኑ የተበላሸ ይመስለዋል ብሎ። እሷ እምቢ አለች።

ልጁን አጅቦ አዲስ አበባ ድረስ የመጣው ሸሀቡ፣ እኛ ስንመለስ ከእሷ ጋር መርካቶ ካሉ ዘመዶቹ ዘንድ ቀረ። ትያትሩ እስኪተላለፍ ሳምንት ጠበቀ። ያን ማታ ቤቱ በጎረቤት ሞልቶ፣ እሱ ከሁሉ ፊት ተቀምጦ፣ እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተናገረም አለችኝ ዙሀራ። ሰዉ ሲበተን ብቻ ወገብሽ ልክ ነበር አላት።

ስጦታን የድሮው ትያትር ቤቷ ጠራት፤ አዘጋጅ ሁኚ ተባለች። ማዕረግም ወደ ቴሌቪዥኑ እንድትመጣ ጠየቃት። እሷ ሁለቱንም አመስግና፣ ደባርቅ የተጀመረ ሥራ አለኝ፣ እሱን ሳልጨርስ አልመጣም አለች። ቆይታ ወደ ቴሌቪዥን ሄዳለች፤ ደርግ እስኪወድቅ ድረስም እዚያው አዘጋጅታለች፤ ያ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ያን ጊዜ ከእኛ ጋር በአውቶቡስ ተመለሰች። ከጎንደር ጀምሮ አዲሱን ጽሑፍ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ሞተሩ ሲጮኽ ለመስማት ጭንቅላታችንን ደፍተንላት፣ ማን ምን እንደሚጫወት እያከፋፈለች መጣች። ዳባት ላይ እናቷን ለማየት ወረደች። ወይዘሮ በለጠች መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቋታል። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ተመልሳ መጣችና በመስኮቱ በኩል ወደኔ ጎንበስ በል አለችኝ።

«እነ ዙሀራ እንደተመለሱ፣ ሰኞ ልምምድ አለ። ለሁሉም ንገር።»

ነገርኳቸው። ሰኞ ሁላችንም ተገኘን።